ሁለት መካከለኛ ካርድ ወይስ አንድ ጠንካራ? ከተሞክሮዬ

የጌም ኮምፒውተር ለራሴም ለወዳጆቼም ስገጣጥም ዓመታት ሆኖኛል። አዲስ አበባ ላይ ደህና የሚባለው ዕቃ በብዛት የሚገባው በሰው ሻንጣ ነው፤ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ከሚመጣ ዘመድ ጋር። ይህ የግዢውን ነገር ሁሉ ይለውጠዋል። ውጭ ያለ ሰው ማዘርቦርዱ ከፕሮሰሰሩ አልገጥም ቢለው ለሱቁ መልሶ ገንዘቡን ይቀበላል። እዚህ ግን የመጣው መጣ ነው። ስለዚህ ብር ከመላኩ በፊት ሁሉም ነገር ወረቀት ላይ መግጠም አለበት።

መጀመሪያ ሞኒተሩ

“ምን ፕሮሰሰር ልግዛ?” ለሚለኝ ሰው የምመልስለት በጥያቄ ነው። “ሞኒተርህ ምንድን ነው? የምትጫወተውስ?” በ1080ፒ ሞኒተር ካውንተር ስትራይክ እየተጫወተ በሰከንድ 144 ፍሬምና ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ሸክሙ የሚያርፈው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ሳይበርፐንክን በ4ኬ፣ በሙሉ ጥራቱ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ የሚለፋው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ እዚያ መካከለኛውና ውዱ ፕሮሰሰር እምብዛም አይለያዩም። ለሁሉም ሰው ተብሎ የተዘጋጀ የ“ምርጥ ኮምፒውተር” ዝርዝር የማልቀበለው ለዚህ ነው።

ጊጋኸርዝ ብቻውን ምንም አይነግርም

የኤኤምዲን ራይዘን 7 5800ኤክስ እና በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣውን 5800ኤክስ3ዲ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም ባለ 8 ኮር ናቸው። ከፍተኛ ፍጥነቱ እንዲያውም 3ዲው ላይ ዝቅ ብሏል፤ ከ4.7 ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ። ነገር ግን ኤል3 ካሽ የሚባለው የውስጥ ማህደረ ትውስታው ከ32 ወደ 96 ሜጋባይት በማደጉ በብዙ ጌሞች ወንድሙን ጥሎት ይሄዳል። ጌሙ የሚፈልገው ዳታ እዚያው ቅርብ ሲገኝ ወደ ራም መመላለሱ ይቀንሳል። ለጌም ብቻ ከሆነ ዘመናዊ 6 ኮር ይበቃል፤ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም እየተጫወተ ለሚያስተላልፍ 8 ይሻላል።

ስሙ መጨረሻ ላይ “ኤፍ” የሚል ፊደል ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጡ ግራፊክስ የለውም። ትንሽ ስለሚረክስ ብዙ ሰው ይመርጠዋል። እዚህ አገር ለሚኖር ሰው ግን አልመክረውም። ካርዱ አንድ ቀን ቢበላሽ ምትኩ እስኪመጣ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ግራፊክስ ያለው ፕሮሰሰር እስከዚያው ኮምፒውተሩን ሥራ ላይ ያቆየዋል፤ ጥፋቱ የካርዱ ይሁን የሌላ ነገርም ወዲያው ይለያል።

የሶኬቱ ስም መመሳሰል አይበቃም

ኢንቴል በ2015 ያወጣው ሶኬት ኤልጂኤ 1151 ይባላል። በ2017 የመጡት የ8ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮችም የሚሰኩት 1151 ላይ ነው። ሆኖም ኢንቴል ለእነዚህ የፈቀደው የ300 ተከታታይ ቺፕሴት ያላቸውን ቦርዶች ብቻ ነው፤ የ100 እና የ200 ተከታታይ ቦርድ ያለው ሰው ስሙን አይቶ ቢገዛ ስክሪኑ ጨለማ ይሆንበታል። ኤኤምዲ በአንጻሩ ኤኤም4 ሶኬትን ረጅም ዕድሜ ሰጥቶታል። በ2018 ቢ450 ቦርድ የገዛ ሰው ባዮሱን (ቦርዱን የሚያስነሳውን ሶፍትዌር) ካሳደሰ ያንኑ 5800ኤክስ3ዲ ይሰካበታል። ዕቃ በሻንጣ ለሚያስመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጓዘው በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ፕሮሰሰር ብቻ ናትና። ስለዚህ አዲስ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ሶኬቱ ወደፊት ስንት ትውልድ እንደሚሸከም ነው።

ባዮስ ካልኩ አይቀር፣ አንዳንድ ቦርዶች ከኋላቸው “ባዮስ ፍላሽባክ” የሚባል ቁልፍ አላቸው። ፕሮሰሰር ሳይሰካ እንኳ ከፍላሽ ዲስክ ባዮሱን ያድሳል። ቦርዱ አሮጌ ባዮስ ይዞ ከመጣና አዲሱን ፕሮሰሰር ካላወቀው፣ ያለዚህ ቁልፍ የቀድሞ ትውልድ ፕሮሰሰር የሚያውስ ሰው ፍለጋ መዞር ነው። ይህ ሥራ ታዲያ ዩፒኤስ ሳይኖር አይነካ። እድሳቱ መሃል መብራት ከጠፋ ቦርዱ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል።

ያገለገለ ማዘርቦርድ የሚገዛ ሰው ደግሞ የሶኬቱን ክዳን ሳያስከፍት ብር አይክፈል። በኢንቴል ቦርዶችና በ2022 በመጣው ኤኤም5 ላይ ፒኖቹ ያሉት ሶኬቱ ውስጥ ነው፤ ከፀጉር ያልወፈሩ፣ ከሺህ የሚበልጡ። የስልክ መብራት ከላይ ቀጥ አድርጎ ሳይሆን ከጎን ዘንበል አድርጎ ማብራት ነው። ደህና የሆኑት በመስመር፣ እኩል ያብረቀርቃሉ፤ የተጣመመው ብርሃኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚመልስ ከሰልፉ መሃል ጎልቶ ይታያል። ሶኬቱን አዙሮ በአራቱም አቅጣጫ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ፒን ብትጣመም ግማሹ ራም ሊጠፋ ይችላል።

ሁለት ካርድ

በብዛት የምጠየቀው ሁለት መካከለኛ ካርድ ይሻላል ወይስ አንድ ጠንካራ የሚለውን ነው። ጠያቂዎቹም ሰነፎች አይደሉም። ሁለት ርካሽ ካርድ አጣምሮ የአንድ ውድ ካርድ ጉልበት ማግኘት በእውነት የነበረ ነገር ነው። 3ዲኤፍኤክስ በ1998 በቩዱ2 አድርጎታል፤ ኤንቪዲያ በ2004 ኤስኤልአይ ብሎ አምጥቶታል፤ ኤቲአይ በ2005 ክሮስፋየር ብሎ ተከትሏል።

ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። በተለመደው ዘዴ አንዱ ካርድ አንድ ፍሬም ይሠራል፣ ሌላው ቀጣዩን፣ እንዲህ እየተፈራረቁ። በሰከንድ 60 ፍሬም ሲባል እያንዳንዱ በ17 ሚሊሰከንድ ገደማ ልዩነት መድረስ አለበት። ሁለት ካርድ ሲፈራረቅ ግን አንዱ በ8፣ ቀጣዩ በ25 ሚሊሰከንድ ሊደርስ ይችላል። አማካዩ ያው 60 ነው፤ ዓይን ግን ይይዘዋል። የአንድ ወዳጄን ባለ ሁለት ካርድ ኮምፒውተር ስንፈትሽ ያየሁት ይህንኑ ነው። ጌሙ ውስጥ በመኪና ቀጥ ብሎ ሲነዳ ምንም የለም፤ ካሜራውን ወደ ጎን ሲያዞር ሕንፃዎቹ በትንንሹ እየዘለሉ ያልፋሉ። ስክሪኑ ማዕዘን ላይ ያለው የፍሬም ቁጥር ግን ከ60 ንቅንቅ አይልም። የላይኛው ካርድ ማራገቢያ ደግሞ የታችኛውን ትኩስ አየር እየሳበ ይጮሃል። የታችኛውን ነቅለን በአንዱ ብቻ ስናስነሳው ቁጥሩ ወረደ፣ ምስሉ ግን ረጋ። ወዳጄም ሳያንገራግር የነቀልነውን ሸጠው።

ሁለተኛው ነገር የካርዱ ሜሞሪ ነው። ለጌም አይደመርም፤ ሁለቱም ካርዶች ያንኑ ዳታ ይይዛሉ። ሁለት ያገለገሉ ጂቲኤክስ 970 ብትገዙ እያንዳንዳቸው 4 ጊጋባይት ስለሆኑ ለጌሙ ያለው 4 ነው፤ ለዚያውም በ290 ዋት። አንድ አርቲኤክስ 3060 በ170 ዋት 12 ጊጋባይት ይሰጣል።

በዚህ ላይ ሌን የሚባለው የዳታ መስመር አለ። ተራው የኢንቴል ፕሮሰሰር ለካርድ የሚሰጠው 16 ሌን ነው፤ ሁለት ካርድ ሲሰካ 8 እና 8 ይሆናል። ይህን የሚከፍሉት ደግሞ ውድ ቦርዶች ናቸው። በርካሽ ቦርድ ላይ ሁለተኛው ረጅም ማስገቢያ ዓይን ያታልላል እንጂ ብዙውን ጊዜ በቺፕሴት በኩል የሚመጣ 4 ሌን ብቻ ነው ያለው። ኤስኤልአይ ደግሞ ከ8 በታች አይቀበልም።

አሁን ጥያቄው ራሱ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። በ2020 ከወጡት የ3000 ተከታታይ የጌም ካርዶች ሁለት ካርድ የሚያጣምረው ማገናኛ የቀረው 3090 ላይ ብቻ ነበር። ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ኤንቪዲያ ለኤስኤልአይ አዲስ የድራይቨር ድጋፍ መጨመር አቁሟል፤ የ4000 ተከታታይ ጭራሽ ማገናኛ የለውም። ዳይሬክትኤክስ 12 ካርዶቹን የማጣመሩን ሥራ ለጌም ሠሪዎቹ አስተላለፈው፤ እነሱም ጥቂቶች ሲቀሩ አልነኩትም። አዳዲስ ጌሞች አንዱን ፍሬም ለመሥራት የቀደመውን ስለሚጠቀሙ መፈራረቁም አይመቻቸውም። በብሌንደር ሬንደር ለሚያደርግ ሰው ሁለት ካርድ ዛሬም ጥሩ ነው። ለጌም ግን ያንን ብር አንድ ላይ አድርጋችሁ አንድ ጠንካራ ካርድ ግዙ። አቅም ካልፈቀደ ጠብቁ፤ ሁለተኛ ደካማ አትጨምሩ።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ

ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በካርድ መቆፈሩ ሲያበቃ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች ገበያ ላይ ወጥተዋል። መቆፈሩ ብቻውን ካርድ አይገድልም፤ ማራገቢያውንና በቺፑ ላይ የሚቀባውን ፔስት ግን ይጨርሳል። እኔ ሻጩ ቤት ሄጄ ከባድ ጌም ግማሽ ሰዓት ያህል አስነሳበታለሁ፤ ሙቀቱንና ድምፁን እከታተላለሁ፤ ስክሪኑ ላይ ባዕድ ነጠብጣብ ወይም መስመር መኖሩን አያለሁ። ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ላይ መብራቱን ብቻ አሳይቶ ክፈል የሚለኝን ሻጭ አመስግኜ እወጣለሁ።