ማን ይመረጥ? ማንስ ይምረጥ?



አገር ቤት «ድራፍት» ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን ከነአረፋው በብርጭቆ የሚቀርበው ቢራ ነው። እኔ በምኖርባት በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ግን ጁላይ ሲገባ ቃሉ ሌላ ትርጉም ይይዛል። የቤዝቦል ክለቦች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከኮሌጅ የተገኙ ወጣቶችን ተራ በተራ የሚከፋፈሉበት ቀን ድራፍት ይባላል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚህኛው ነው። «የፖለቲካ ገጽ ከኳስ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ልጠቁም።

ሥርዓቱን ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። በሜጀር ሊግ 30 ክለቦች አሉ። በአሜሪካ፣ በካናዳና በፖርቶ ሪኮ ላሉ ወጣቶች የሊጉ ዋና በር ድራፍት ነው። ክለቦቹ በ20 ዙር የወጣቶቹን ስም እየጠሩ ይወስዷቸዋል። ስሙ የተጠራው ልጅ መደራደር የሚችለው ከጠራው ክለብ ጋር ብቻ ነው። ካልተስማማው ፊርማውን ነፍጎ ወደ ኮሌጅ መግባት ወይም እዚያው መቆየት ይችል ይሆናል እንጂ «እኔ የምፈልገው ያኛውን ክለብ ነው» ማለት አይችልም። ቅደም ተከተሉም የተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙ የተሸነፈ ክለብ ይቀድማል። ከ2023 ወዲህ ግን የመጀመሪያዎቹ 6 ቦታዎች በዕጣ ይለያሉ።

ይህ ነገር ለአርሰናልና ለማንቸስተር ደጋፊ ወገኔ እንግዳ እንደሚሆን አውቃለሁ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከታች የቀሩ ሦስት ክለቦች ይወርዳሉ፤ በአሜሪካ ቤዝቦል ግን መውረድ የሚባል ነገር የለም፤ ተሸናፊው ይካሳል። የነፃ ገበያ ሰባኪ የሆነችው አገር ወደ ኳስ ሜዳ ስትገባ ኮታ አከፋፋይ ትሆናለች። የዋሽንግተኑ ክለብ ናሽናልስ በ2008 102 ጊዜ፣ በ2009 ደግሞ 103 ጊዜ ተሸንፎ ስቲቨን ስትራስበርግንና ብራይስ ሃርፐርን በተከታታይ ዓመታት አንደኛ አድርጎ የወሰደው በዚሁ ካሳ ነው።

የ2025 ድራፍት የአንደኛ ምርጫ ዕጣ ለናሽናልስ ወጣ። ከዚያ በኋላ የከተማዋ ደጋፊ ለወራት ተከራከረ። አንዱ ወገን ከኦክላሆማ የመጣውን ኢታን ሆሊዴይን ይላል፤ አባቱ ማት ሆሊዴይ የታወቀ ተጫዋች ነበር፤ ወንድሙም በ2022 በመጀመሪያ ተራ የተወሰደ ነው። ሌላው ወገን ኬድ አንደርሰን የተባለውን የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግራኝ ወርዋሪ ይላል፤ በዚያው ዓመት ጁን ላይ ዩኒቨርሲቲውን ለሻምፒዮንነት ካበቁት ዋነኛው ነበር። ሦስተኛው ወገን ካሊፎርኒያዊውን ሴት ኸርናንዴዝን ሲያነሣ፣ «ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጣ ቀኝ እጁ ወርዋሪ አንደኛ ሆኖ ተመርጦ አያውቅም» ተብሎ ይመለሳል። ድራፍቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ክለቡ ሥራ አስኪያጁን ማይክ ሪዞንና አሠልጣኙን ዴቪ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናበተ። ክርክሩ ቤንዚን እንደተርከፈከፈበት እሳት ሆነ።

እኔም ክርክሩን በሥራ ቦታም በቡና ቤትም ስከታተል ከረምኩ። «ክንዱ አይበረክትም»፣ «ገና 17 ዓመቱ ነው፣ ትከሻው ይሰፋል»፣ «አባቱም ተጫዋች ነበር፣ ዘሩ ጥሩ ነው»። እንዲህ ያለውን ንግግር ስሰማ የማስበው የከብት ተራን ነው፤ የበሬውን ከንፈር ገልጦ በጥርሱ ዕድሜውን የሚገምተውን፣ ሻኛውን ዳብሶ ዋጋ የሚጠራውን ነጋዴ። ልዩነቱ በከብት ተራ የሚከራከረው ከኪሱ የሚከፍለው ሰው መሆኑ ነው። እዚህ ግን የሚከራከሩት መምህሩ፣ ታክሲ ነጂውና የባንክ ሠራተኛው ናቸው።

አንድ ቀን ይህ ክርክር ሲጦፍ አብረውን የተቀመጡ አንድ የአገሬ አዛውንት በአማርኛ ጠየቁኝ። «ለመሆኑ ልጁ ራሱ የት መግባት ነው የሚፈልገው?» አሉ። ጥያቄውን ለአሜሪካውያኑ ባልደረቦቼ ተረጎምኩላቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም አንደኛው ሳቀና «እሱማ ሚሊየነር ይሆናል፤ የት መግባቱ ምን ያስጨንቀዋል?» አለ። ወዲያውም ወደ ክርክራቸው ተመለሱ። አዛውንቱ ግን «አሃ፣ እንደሱ ነው» ብለው ቡናቸውን ከመጠጣት በቀር የጨመሩት ነገር አልነበረም።

ጁላይ 13 ቀን ክለቡ ከኦክላሆማ ኢላይ ዊሊትስን ጠራ፤ ሾርትስቶፕ የተባለውን ቦታ የሚጫወት የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ለአንደኛው ምርጫ የተተመነው ዋጋ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ ልጁ የፈረመው በ8.2 ሚሊዮን ነው። አራተኛ ሆኖ በኮሎራዶ የተመረጠው ሆሊዴይ ግን 9 ሚሊዮን አገኘ። እኔን የገረመኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ምርጫውን የደገፉት «ቆጠብን!» ብለው ፈነጠዙ። ማን ነው የቆጠበው? የስታዲየም መግቢያ በአንዲት ሳንቲም አልቀነሰም። ሐቁን ለመናገር፣ የተቆጠበው ገንዘብ በቀጣዮቹ ዙሮች ለተመረጡ ሌሎች ወጣቶች ማስፈረሚያ ይውላል፤ ምክንያቱም ከ2012 ጀምሮ እያንዳንዱ ክለብ ለድራፍት የሚያወጣው ገንዘብ ተወስኗል፤ ጣሪያውን ከ5 በመቶ በላይ ያለፈ ክለብ የወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ያጣል። ስለዚህ ልጆቹ የሚካፈሉት አስቀድሞ ተለክቶ የተጋገረ አንድ እንጀራ ነው፤ አንዱ ሲጎርስ የሌላው ይጎድላል። የእንጀራውን ስፋት ግን ማንም ደጋፊ ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ድራፍቱ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የልደት ቀን አለው። በ1964 ሪክ ራይካርት የተባለ ወጣት ክለቦች ተሻምተውበት ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ፈረመ። ባለንብረቶቹ ደነገጡ። በቀጣዩ ዓመት ድራፍት ተጀመረና የመጀመሪያው ተመራጭ ሪክ መንዴይ 100 ሺህ ገደማ አገኘ። ሽሚያው ሲቀር ዋጋው በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ይህን በሌላ ንግድ ያደረጉ ነጋዴዎች «ተመሳጥራችኋል» ተብለው ፍርድ ቤት በቆሙ ነበር። ቤዝቦል ግን በ1922 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከፀረ ሞኖፖል ሕግ ነፃ አድርጎታል። ከርት ፍለድ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ተጫዋች «ያለ ፈቃዴ ወደ ሌላ ክለብ አልሸጥም» ብሎ እስከዚያው ፍርድ ቤት ቢደርስም በ1972 ተረታ። በ1998 በስሙ የወጣው ሕግ የሜጀር ሊግ ተጫዋቾችን ነፃነት ሲያሰፋ፣ ድራፍቱን ግን ሳይነካ በቦታው ተወው።

የሥርዓቱ ጠበቆች ክርክር አላቸው፤ ሊሰማም ይገባዋል። «ልጆቹ እንደልባቸው ቢመርጡ ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ ሁሉንም ጠራርገው ይወስዳሉ፤ ትንንሾቹ ክለቦች ይሞታሉ» ይላሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የናሽናልስን ታሪክ እንመልከት። ክለቡ በ2019 ዋንጫውን ሲያነሣ የፍጻሜው ኮከብ በድራፍት የመጣው ስትራስበርግ ነበር፤ ሃርፐር ግን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ለ13 ዓመት ፈርሞ ወደ ፊላደልፊያ ሄዷል። የዚያ ቡድን ድንቅ ወጣት መቺ ኹዋን ሶቶ ደግሞ በድራፍት ደጃፍ አላለፈም። ዶሚኒካዊ ነውና በ2015 በ1.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ፈረመ። ሽሚያ ባለበት በር የገባው ልጅም የዋሽንግተንን ዋንጫ አነሣ። ያ በር ያለ እንከን ነው አልልም፤ ልጆች በለጋ ዕድሜያቸው የደላላ ሲሳይ የሚሆኑበት ነው። ሆኖም ሊጉ ያንንም በር በድራፍት ለመተካት ሲጠይቅ የተጫዋቾች ማኅበር በ2022 አልተቀበለም። ጭቆናውን የቀመሰ ያውቀዋል።

«ሚሊየነር ይሆናል» ለሚለው መልስ ደግሞ ከታች ያሉትን ማየት ይበቃል። የሚመረጡት አብዛኞቹ ሜጀር ሊግን ሳይረግጡ ይቀራሉ። ትንበያውም ቢሆን ጨለማ ውስጥ እንደሚወረወር ድንጋይ ነው። በ1991 በኒውዮርክ ያንኪስ አንደኛ የተመረጠው ብሪየን ቴይለር ትከሻው ተጎድቶ ሜጀር ሊግ ሳይደርስ ቀረ። በ1999 አልበርት ፑሆልስን ለመጥራት እስከ 13ኛው ዙር ተጠበቀ። በ2009 ናሽናልስ ከስትራስበርግ ሌላ በ10ኛ ተራ ድሩ ስቶረንን ሲወስድ፣ ማይክ ትራውት እስከ 25ኛው ተራ ሳይጠራ ቆየ። እንዲህ በማይታወቅ ነገር ላይ የሚወራረደው ክለብ ሲሳሳት በቀጣዩ ዓመት ሌላ ምርጫ ይሰጠዋል። ልጁ ግን ያለው አንድ ክንድ፣ አንድ ወጣትነት ነው። በታችኛው እርከን በሲንግል ኤ የሚጫወቱት በዓመት ይከፈላቸው የነበረው ዝቅተኛ ደመወዝ 11 ሺህ ዶላር ነበር። በ2023 ወደ 26,200 ከፍ ያለው ማንም አዝኖላቸው ሳይሆን በ2022 በማኅበር ስለተደራጁ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትነን «የት ደረሰህ? ምን ደረሰሽ?» ተብለን የተጠየቅን ሰዎች ነን። ጅማ «ይደርሰናል»፣ ጎንደር «ይደርሰናል»፤ ግሡ ራሱ እኛ ሄደን የምንደርስበት ሳይሆን ከላይ የሚወርድልን መሆኑን ይመሰክራል። ለእኛ እንኳ ምርጫችንን በቅደም ተከተል የምንሞላበት ቅጽ ነበረን፤ ለቤዝቦሉ ልጅ ቅጹም የለም። ፖለቲካችንንም እስቲ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከአራት ኪሎ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና የሚጠጣበት ጨዋታ ሁሉ «እገሌ ቢሾም ይሻላል፣ እገሌ ቢነሣ ይበጃል» ነው። ሿሚው በምን ሕግ እንደሚሾም፣ ተሿሚው ለማን እንደሚጠየቅ፣ የሚተዳደረው ሕዝብ የት እንደቆመ ግን እንደ ዝርዝር ጉዳይ ይታለፋል። ስም ለክርክር ይጥማል፤ ደንብ ይሰለቻል። ሥልጣን የያዘ ሁሉ የሚወደውም ይህንኑ ነው፤ ስለ ስሞች እስከተከራከርን ድረስ ወንበሩን አንነካበትምና።

ለዚህ ነው የቤዝቦሉ ክርክር የፖለቲካ ትምህርት ቤት ሆኖ የታየኝ። ተራው ደጋፊ ሳይታወቀው በባለንብረቱ ወንበር ተቀምጦ፣ በባለንብረቱ ዓይን አይቶ፣ በባለንብረቱ አፍ «እንውሰደው፣ በርካሽ እናስፈርመው» ይላል። ወሳጅ ሳይሆን ተወሳጅ የሆነ ልጅ በገዛ ቤቱ እያለው እንኳ እንዲሁ ይላል።

በ2022 በሊጉና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል የተፈረመው የሥራ ስምምነት የሚያበቃበት ቀን ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ነው። የድራፍቱ ደንብ የሚወሰነው በእንዲህ ያለው ድርድር ነው። በጠረጴዛው አንድ ወገን ባለንብረቶቹ፣ በሌላው ወገን ነባር ተጫዋቾች ይቀመጣሉ። ገና ያልተመረጡት ልጆች የማኅበሩ አባል አይደሉምና ወንበር የላቸውም። ዕድላቸው የሚቆረጠው እነርሱ በሌሉበት ነው። ቡድናችንን እንውደድ፤ በዋንጫውም እንደሰት፤ ኳሱ ምን በደለ? ነገር ግን የሕጉ ቀንበር የሚያርፍበት ሰው ሕጉ ሲወጣ ድምፅ ይኑረው ማለት፣ ለአገራችን የምንመኘው ከሆነ፣ ለኦክላሆማው ልጅም ልንነፍገው አይገባም።