ስም ሳይመረመር ፍርድ አይፈረድም

ስም የነገር መታወቂያ ነው። ነገር ግን ስም አውጪው ነገሩን አጥርቶ ሳያውቅ ስም ያወጣለት እንደ ሆነ፥ ስሙ መታወቂያ መሆኑ ቀርቶ የጠብ ምክንያት ይሆናል። ይህም በዘመናችን መኪና በኮምፒዩተር ሲፈጸም አይቻለሁ።

ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ተጣልተው ለሽምግልና ወደ እኔ መጡ። ገዢው «ግራፊክስ ካርዱ ራዴዎን 580 ነው ብለህ 480 ሸጥህልኝ፤ አንተ ሌባ ነህ» ይላል፤ ሻጩም «580 ነው» እያለ ይምላል። የገዢው ምስክር የኮምፒዩተርን ዕቃ እየመረመረ ስሙን የሚናገር አንድ ፕሮግራም ነበረ፤ እርሱም በስክሪኑ ላይ 480 ብሎ ጽፏል። ገዢው «መኪና አይዋሽም» አለ። እኔ ግን በአንድ ምስክር ብቻ ሰውን ሌባ ማሰኘት አይገባም ብዬ፥ ይህን ሥራ የሚያውቅ ወጣት አስጠራሁ።

ወጣቱም እንዲህ ሲል አስረዳን። ካርዱ ቍጥሩን እንጂ ስሙን አይናገርም፤ ፕሮግራሙ ቍጥሩን ተቀብሎ ስሙን ከመዝገብ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቍጥር የሠሪውን ኩባንያ ያመለክታል፤ ይኸውም ለኤ.ኤም.ዲ. 1002 ነው። ሁለተኛው የዕቃውን ዐይነት ያመለክታል። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. የወጣው 480 እና በ2009 ዓ.ም. የወጣው 580 ሁለተኛ ቍጥራቸው አንድ ነው፤ እርሱም 67ዲኤፍ ነው። የሚለዩት ሪቪዥን በሚባለው በሦስተኛው ቍጥር ነው፤ ይኸውም ለ480 ሲ7፥ ለ580 ኢ7 ነው። ፕሮግራሙ ግን ሦስተኛውን ሳይጠይቅ አስቀድሞ ያገኘውን ስም ይሰጣል።

ይህን በሰማሁ ጊዜ የቅኔው ኅብረ ቃል ትዝ አለኝ። አንዱ ቃል ሁለት ፍች ይዞ ሳለ፥ ጀማሪው ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይጠይቅ ይሄዳል። ቃሉ አልዋሸም፤ የጎደለው መርማሪው ነው።

ሦስተኛው ቍጥር ቢታይ ኢ7 ሆኖ ተገኘ፤ ከካርዱ ጀርባ የተለጠፈው ጽሑፍም ከዚሁ ተስማማ። ገዢው ይቅርታ ጠየቀ፤ ሻጩም ከሌብነት ስም ነጻ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ተፈጸመ ብለው ሊነሡ ሲሉ፥ እኔ አልተፈጸመም አልሁ። ስሕተቱ በፕሮግራሙ ውስጥ እስካለ ድረስ፥ ነገ በሌላ ከተማ ሽማግሌ የሌለው ሌላ ሻጭ ሌባ ይባላልና።

ስለዚህ ወጣቱ ለፕሮግራሙ ሠሪዎች እንዲጽፍ ለመንሁት። ገዢው «ፕሮግራማችሁ ከንቱ ነው ብለህ ጻፍላቸው» ቢለው ከለከልሁ። ብራና የሚያርም ሊቅ የተሳተችውን ፊደል በቦታዋ ያርማል እንጂ ብራናውን አይቀድም። እንዲህም ተጻፈ፤ ሦስቱ ቍጥሮች፥ ፕሮግራሙ የሰጠው ስም፥ ሊሰጥ የሚገባው ስም፥ የፕሮግራሙ እትም፥ የካርዱም ጀርባ ፎቶግራፍ።

አንባቢ ሆይ፥ ለራሱ ነገር ሲጣራ ዝም የሚል ሰው ለጎረቤቱ ወጥመዱን እንደ ተዘረጋ ትቶ ማለፉ ነው። ስሕተትን ካገኘህ በትሕትናና በማስረጃ ለባለቤቱ አስታውቅ፤ የማታውቀውን ሰው ከሐሰት ስም ታድናለህ።