በር ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሰው በየቀኑ በእጁ የሚነካውን ነገር ሁሉ በስሙ የሚያውቀው ይመስለዋል። ነገር ግን ማለዳ ከፍቶት የሚወጣውን፣ ማታ ዘግቶት የሚተኛውን በር «ክፍሎቹን እየለየህ ጥራ» ቢሉት፣ ከሁለት ከሦስት ስም በላይ አያገኝም። እኛም እንዲሁ ነበርን። አለማወቃችን ያስከተለብንን ነገር የገለጥነው ሌላው ቤተ ሰብ ከእኛ ስሕተት ይማር ዘንድ ነው።

እናታችን ዕድሜያቸው ገፍቶ እግራቸው ስለ ደከመ፣ በተሽከርካሪ ወንበር መሄድ ግድ ሆነባቸው። የመኝታ ክፍላቸው በር ጠባብ ስለ ነበረ በሌላ እንዲለወጥ ወሰንንና ወደ አንድ አናጢ ሄደን ስፋቱ 80 ሳንቲሜትር የሆነ በር አዘዝን። አናጢው «80ው የበሩ ነው?» ሲል ጠየቀ። እኛም ሳናስብ «አዎን፣ የበሩ ነው» አልን። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ በዚህች አንዲት ቃል ነገሩ ተበላሸ።

በሩ በተተከለ ዕለት እናታችን በደስታ ወንበራቸውን እየገፉ ሊያልፉ ሲሉ፣ ቀኝ እጃቸው በመቃኑ ተፋቀና ቈሰለ። ብንለካው፣ አናጢው 80 ሳንቲሜትሩን የወሰደው ከመቃኑ የውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ኖሯል። ግራና ቀኝ 5፣ 5 ሳንቲሜትር የሆኑት መቃኖች ሲቀነሱ 70 ይቀራል፤ መዝጊያው ተከፍቶ ሲቆም ደግሞ ውፍረቱ 4 ሳንቲሜትር ይይዛል። የቀረው ማለፊያ 66 ሲሆን የወንበሩ ስፋት 64 ነበር። እጅ የሚያልፍበት ስፍራ ከወዴት ይምጣ!

እኛ አናጢውን ወቀስን፤ አናጢውም «ያላችሁኝን ሠራሁ» አለ። ክርክሩ ሲበረታ እናታችን የቈሰለ እጃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ «ልጄ፣ አንተም አልበደልህ፣ እነርሱም አልዋሹ። አንተ በር ያልኸው መቃኑን ጨምረህ ነው፤ እነርሱ በር ያሉት ክፍቱን ነው። በየስሙ ብትነጋገሩ ኖሮ የእኔ እጅ ምን በወጣው!» አሉ።

በዚህ ንግግር ሁላችንም አፈርን። እኒህ እናት በልጅነታቸው አባታቸው ቤት ሲሠሩ እንጨት እያቀበሉ ያደጉ ሲሆኑ፣ እኛ ግን አንድ ቀን እንኳ «ይህ ምን ይባላል?» ብለን አልጠየቅናቸውም ነበር። በዚያው ማታ ደብተር ይዘን አጠገባቸው ተቀመጥን፤ እርሳቸውም በምርኩዛቸው እያመለከቱ ነገሩን።

ግራና ቀኝ ቆመው በሩን የሚይዙት ሁለቱ መቃን ይባላሉ። በላያቸው ተጋድሞ የግድግዳውን ሸክም የሚቀበለው ጉበን ነው። እነዚህ ስሞች በኦሪት ዘጸአት 12ኛው ምዕራፍ የፋሲካው በግ ደም በሚቀባበት ስፍራ ተጽፈው ስለሚገኙ በጆሯችን አዲስ አልነበሩም፤ በቤታችን መኖራቸውን ግን ልብ አላልንም። ከእግር በታች ያለው መድረክ ነው፤ በብዙ ቤት ደፍ ይሉታል። የሚከፈተውና የሚዘጋው አካል መዝጊያ ይባላል፤ የተሠራበት ጠፍጣፋ እንጨት ሳንቃ ነው። መዝጊያውን ከመቃኑ ጋር አያይዞ የሚያዞረው ማጠፊያ፣ ከውስጥ በአግድም የሚገባው መወርወሪያ ይባላል። በር የሚለው ቃል ግን ክፍቱንም፣ መዝጊያውንም፣ ሁሉንም በአንድነት ስለሚያመለክት፣ ብቻውን ሲነገር ልክ አይሰጥም።

በአገራችን የበርና የመስኮት ጥበብ ጥንታዊ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. እንደ ገና የቆመውን የአክሱም ሐውልት የተመለከተ ሰው፣ ከግርጌው በር፣ ከዚያም በላይ በየደርቡ መስኮት በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ያያል። የእንጨቱን ሥራ ጠንቅቆ የማያውቅ ጠራቢ ይህን በድንጋይ ሊያወጣው ባልቻለም ነበር።

ሁለተኛውን በር ስናዝ እንግዲህ እንዲህ አልን፤ «መዝጊያው ተከፍቶ ሲቆም የሚቀረው ማለፊያ 80 ሳንቲሜትር ይሁን።» በዚህ ላይ የመዝጊያው ውፍረት 4፣ የሁለቱ መቃኖች ውፍረት 10 ተጨምሮ፣ የውጭው ስፋት 94 ሆነ። መድረኩም የወንበሩን ጐማ እንዳያሰናክል ከወለሉ ጋር እንዲስተካከል ነገርነው። ማጠፊያው በግራ ወይስ በቀኝ እንደሚሆን ስንስማማም «ከክፍሉ ውጭ ቆሞ ለሚያይ ሰው» ብለን ጨመርን፤ ከውስጥ ለሚያይ ሰው ግራው ቀኝ ይሆናልና። የመታጠቢያ ቤታቸውን መዝጊያ ደግሞ ወደ ውጭ የሚከፈት አደረግነው። ሰው በውስጥ ወድቆ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን መዝጊያ በአካሉ ቢደግፈው፣ ሊረዳው የመጣው ሰው መግባት አይችልም።

መስኮትም እንዲሁ ነው። መቃን፣ ጉበንና ደፍ አለው፤ መስተዋቱን የሚይዘው ክፈፍ ይባላል። ሲያዝዙ ስፋቱን አስቀድሞ፣ ቁመቱን አስከትሎ፣ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ በቃል መጻፍ ይገባል። ደፉ ከወለል ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ክፈፉም በማጠፊያ የሚከፈት ወይስ የሚንሸራተት እንደ ሆነ መግለጥ ያስፈልጋል። የእናታችንን መስኮት ደፍ ዝቅ አስደረግነው፤ ተቀምጠው ደጁን እንዲያዩ።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ ቤት ከማሠራታችሁ በፊት ከአናጢው ጋር በአንድ ስም ተግባቡ፤ ልኩንም ከየት እስከ የት እንደ ሆነ በወረቀት ጻፉ። ከዚያም በፊት በቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን ጠይቁ። እናታችን ዛሬ በዚያ በር የሚያልፉት ማንም ሳይገፋቸው ነው፤ ባለፉ ቍጥርም መቃኑን በእጃቸው ዳበስ አድርገው፣ «ይኸ ማን ይባላል?» ብለው ልጆቻችንን ይጠይቃሉ። ልጆቹም ይመልሳሉ።