የካርዱ ወይዘሮዎች

ዊስኪ ሲነሣ በብዙዎቻችን ቤት የወንዶች ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። በሰሜን ስኮትላንድ፣ ከስፔይ ወንዝ በላይ ባለው ገጠር ወደሚገኘው የካርዱ ዊስኪ ፋብሪካ ብትዘልቁ ግን ይህ አስተያየት አብሯችሁ አይመለስም።

በጎበኘሁት ዕለት በሩ ላይ የተቀበለኝ የገብስ ብቅል ሽታ ነበር። ለጠላ ብቅል ያበቀለች ሴት ይህን ሽታ አትስተውም።

ሥራውን በእርሻ ቤታቸው ከባለቤታቸው ጋር ያለ ፈቃድ የጀመሩት ወይዘሮ ሔለን ከሚንግ ናቸው። የቀረጥ ሹሞች ሲመጡ ዳቦ የሚጋግሩ መስለው ሻይ ያቀርቡላቸውና፣ ወደ ጓሮ ወጥተው ቀይ ጨርቅ በመስቀል ጎረቤቶቻቸውን ያስጠነቅቁ እንደነበር ይነገራል። ፈቃዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። ምራታቸው ወይዘሮ ኤልዛቤት ደግሞ በ1872 ባላቸው ሲሞቱ ሥራውን ተረክበው፣ አዲስ ፋብሪካ አሠርተው፣ በ1893 ለጆን ዎከር ኩባንያ ሸጡት።

«ሲንግል ሞልት» የሚባለው በአንድ ፋብሪካ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ ወጥቶ፣ በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት የቆየ ዊስኪ ነው። እኔ የቀመስኩት 12 ዓመት የቆየውን ነው።

ለመመዘን አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ያዙ። ቀለሙ አያታላችሁ፤ ለማቅለሚያ ካራሜል መጨመር በሕግ የተፈቀደ ነው። ዋናው ዳኛ አፍንጫ ነው። ብርጭቆውን በዝግታ አስጠጉት፤ አትቸኩሉ። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩና እንደገና አሽትቱ፤ ተደብቆ የነበረው ሽታ ይወጣል። በመጨረሻ ትንሽ ተጎንጭታችሁ ምላስ ላይ አቆዩት፤ ከተዋጠም በኋላ ጣዕሙ ምን ያህል እንደሚቆይ ልብ በሉ።

እኔ በመጀመሪያ ማር፣ ቀጥሎ ፖም፣ መጨረሻ ላይ ደረቅ ያለ የእንጨት ጣዕም አገኘሁበት። ጢስ ጢስ አይልም። ጉድለቱ ጣዕሙ ቶሎ መጥፋቱ ነው፤ ከባድ ዊስኪ የለመደ ሰው «ቀለለብኝ» ቢል አልፈርድበትም።

ነገር ግን እኅቶቼ፣ የቀለለው ጣዕሙ እንጂ ኃይሉ አይደለም። ከመቶው 40 እጁ አልኮል ነው። ለነፍሰ ጡር ጠብታውም አይገባም፤ ለሌላውም ቢሆን ለመመዘን አንድ ጉንጭ ይበቃል። እንግዳ ፊት ፈገግ ብለው ሻይ የቀዱትን ወይዘሮ ሔለንንም ገራም ናቸው ብሎ የናቃቸው ሹም ሳይሳሳት አልቀረም።