«አንተስ የት ነህ?»

የታሪክ ተማሪ ነኝና ውጊያን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ግን አንድ የዶርም ጓደኛዬ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሰጠኝ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲድ ማየር «ጌቲስበርግ»። ያረጀ ነው፤ ሱስ ማስያዝ ግን ይችልበታል።

ነገሩ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 እ.ኤ.አ. የሰሜንና የደቡብ ጦር ፔንሲልቫኒያ ላይ ተፋጠጠ። ጨዋታው ኮረብታውን፣ ጫካውን፣ ሬጅመንቱን ከነስሙ ይደረድርልሃል። ጎኑ የተመታ ጦር ልቡ ይከዳዋል፤ አጠገቡ ወገን ያለው ይጸናል። አዛዡ አንተ ነህ፤ ማውሱን ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው።

እኔን የያዘኝ ሦስተኛው ቀን ነው። ጄኔራል ሊ 12,500 ያህል እግረኛ 1,200 ሜትር ገደማ ገላጣ ሜዳ አቋርጦ፣ መድፍ ወደተጠመደበት ኮረብታ እንዲወጣ አዘዘ። ግማሽ ያህሉ ሞተ፣ ቆሰለ፣ ተማረከ። እኔ ደግሞ «ሊ ያልቻለውን እችላለሁ» ብዬ ተነሳሁ። አራት ጊዜ ላክኋቸው፤ አራት ጊዜ አለቁ። ምን ችግር አለ? እንደገና ስትጀምር ሁሉም ተነስተው ይሰለፋሉ።

አምስተኛውን የሞከርኩት ለእረፍት አጎቴ ቤት ሄጄ ነው። አጎቴ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ጉልበታቸው ውስጥ ዛሬም ብረት አለ። ለካ ከኋላዬ ቆመው ያዩ ኖሯል።

«እነዚህ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ኮረብታውን ሊይዙ ነዋ፣ ጋሼ።»

«በዚህ ሜዳ? ማነው ያዘዛቸው?»

«እኔ።»

ትንሽ ዝም አሉና፣ «አንተስ የት ነህ?» አሉኝ።

ስክሪኑን አየሁት። እውነትም የለሁም።

ያን ጊዜ አንብቤ ያለፍኩት ነገር ትዝ አለኝ። ጥቃቱን እንዲመራ የታዘዘው ጄኔራል ሎንግስትሪት በእቅዱ አላመነም ነበር። ፒኬት «ልነሳ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው ቃል ከአፉ አልወጣ ብሎት፣ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ሊም ከሜዳው የተመለሱትን ወጥቶ ተቀብሎ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ነገራቸው። ይህን ለአጎቴ አጫወትኳቸው።

«እንዲህ ያለኝ አዛዥ እንኳ አልገጠመኝም» አሉና ጉልበታቸውን እያሹ ወደ ጓዳ ገቡ።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ጨዋታውን አልተውኩትም። ያ ሜዳ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ከመጽሐፉ ይልቅ ያሳየኝ እሱ ነው። ሎንግስትሪት የከበደው ነገር ግን እዚያ ውስጥ የለም። አሁን ሦስተኛው ቀን ላይ ስደርስ እጄ ማውሱ ላይ ይቆያል። ጠቅ ከማድረጌ በፊት የአጎቴ ጥያቄ ይመጣብኛል።