የረከቦቱ ወዝ

ፓዌ ውስጥ የእንጨት ሰም መምረጥ ቀላል የሚመስለው መጋቢት እስኪገባ ነው። የወረዳዋ መንደሮች ከባሕር ጠለል በላይ 1100 ሜትር ገደማ ላይ፣ በበለስ ወንዝ ተፋሰስ ተዘርግተዋል፤ በበጋው ማብቂያ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሰው ብቻ ሳይሆን ዕቃም ያልበዋል። በንጹሕ የንብ ሰም ተወልውሎ ጠዋት ሲያበራ የነበረ የዋንዛ ረከቦት ከሰዓት በኋላ የነካውን ሁሉ አሻራ ይመዘግባል። አቧራ ካረፈበት አይነሳም። እንግዳ መጥቶ "እንዴት ያምራል!" እያለ ዳበስ ሲያደርገው ሙገሳውና የጣቱ ምልክት አብረው ይቀራሉ።

ይህ ገና የአየሩ ሙቀት ነው። ጀበናው አልቀረበም።

የንብ ሰም ሙሉ በሙሉ የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቢሆንም፣ መልፈስፈስ የሚጀምረው ከዚያ ብዙ ቀድሞ፣ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ነው። ፓዌ በሞቃቱ ወራት ይህን ቁጥር ቀትር ላይ ደጋግማ ታየዋለች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከከሰል የወረደ ጀበና ማቶት ሳይደረግለት ረከቦቱ ላይ ካረፈ፣ ሰሙ ከእንጨቱ ጋር የነበረው ውል እዚያው ይፈርሳል። የሚቀረው ነጣ ያለ ክብ ነው፤ ባለቤቷ በማግስቱ ስኒ ደርድራ የምትሸፍነው ዓይነት።

"ታዲያ ቫርኒሽ ምን አለው?" የሚል አናጺ አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። ሙቀትንም ውሃንም በመቋቋም ቫርኒሽ ሰምን ይበልጠዋል። ግን ፓዌ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም ከሞላ ጎደል ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ወርዶ ያልቃል። እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። በላዩ የደረቀ ቫርኒሽ ይህን ከዓመት ዓመት መከተል ሲያቅተው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባና ከሥሩ ይልጠዋል። ያኔ በብርጭቆ ወረቀት እስከ እንጨቱ ድረስ ፍቆ እንደገና መጀመር ነው። ሰም ግን ሲደክም አንድ ጨርቅ ይበቃዋል። የሰም ወዳጆች ክርክር በሙሉ ይህችው ናት። ትንሽ ትመስላለች፤ ሙሉ ቀን ቁጭ ብሎ ረከቦት የፋቀ ሰው ግን ትንሽ ናት አይልም።

ረከቦቱ ራሱ በዚህ አገር እንግዳ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ መንግሥት ከወሎ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከጎጃምና ከሌላም አካባቢ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አምጥቶ በለስ ላይ ሲያሰፍር፣ መንደሮቹ ስም ሳይሆን ቁጥር ወጣላቸው። ጣልያን ገንዘቡን ሰጥታ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ ያካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት ጫካውን በቡልዶዘር መነጠረ፣ መንገድ ቀደደ፣ ሆስፒታልም አቆመ። የተመነጠረው ጫካ የጉሙዝ ሕዝብ የሚያድንበት፣ የሚያርስበትና ማር የሚቆርጥበት ነበር፤ ይህ ሳይነሳ የፓዌ ታሪክ አይተረክም። ሰፋሪው ተሸክሞት የመጣው ዕቃ ጥቂት ነው። የቡና ሥርዓቱን ግን አልተወም፤ ሥርዓቱ ደግሞ ጀበና፣ ስኒና ረከቦት ይፈልጋል።

እንጨቱ እዚሁ ተገኘ። ዋንዛ ቀለሙ ሞቅ ያለ፣ ለመላጊያ የሚመች ነው፤ ቅርንጫፉ የሚጣል ሥሩ የሚናቅ አይደለም። በዚህ የተነሳ ብዙ ተቆርጧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት ዛፎች አንዱ እሱ ነው፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የዋንዛ ረከቦት ያለው ሰው ወዙን ቢሳሳለት አይፈረድበትም።

ሰሙስ? ሰሙ የእንግዳ ተቃራኒ ነው። ኢትዮጵያ በማር ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ በሰምም ከዓለም ፊተኞች ተርታ ትሰለፋለች። የሰሙ ብዛት ምክንያት ብዙ ሰው "ኋላቀር" የሚለው ባህላዊ ቀፎ መሆኑ ያስቃል። ከባህላዊ ቀፎ ማሩ ከነእንጀራው ይቆረጣል፤ ጠጅ ቤት ገብቶ ሲጣል ሰፈፉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይለቀማል፣ ቀልጦ ይጣራል። ከዚያ ጧፍ ይሆናል ወይም ወደ ሰም ነጋዴ ይሄዳል። በፍሬም የሚሠራው ዘመናዊ ቀፎ ግን ማሩ በማሽን ተሽከርክሮ ከወጣ በኋላ እንጀራውን ለንቦቹ ይመልሳል፤ ማር ይበዛል፣ ሰም ያንሳል። ጠጅ ጠጪው ሳያውቀው የሰም ኢንዱስትሪ ደጋፊ ሆኖ ኖሯል።

ይህ ሰም ከአገር መውጣት የጀመረው ትናንት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምጽዋና በመተማ በኩል ከሚወጡት ከቡና፣ ከዝባድ፣ ከዝሆን ጥርስና ከወርቅ ጋር ሰምም ይጫን ነበር። የሰምና የእንጨት ትውውቅ ደግሞ ከዚያም የራቀ ነው። በግብፅ ፋዩም ከ1ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ በቀለጠ የንብ ሰም ቀለም እየለወሱ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የሳሏቸው የሟቾች መልኮች እስከ ዛሬ ቀለማቸው አልደበዘዘም። እርግጥ ነው፣ ጀበና ያስቀመጠባቸው የለም።

የንብ ሰም የጎደለው ጥንካሬ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በሴአራና በፒያዊ ግዛቶች፣ ካርናውባ የሚባል ዘንባባ ይበቅላል። አገሩ ሞቃትና ደረቅ ነው። ዘንባባው ውሃው በፀሐይ እንዳይሰረቅበት ቅጠሉን በሰም ይሸፍናል። ገበሬዎች በደረቁ ወራት ቅጠሉን ቆርጠው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሲደርቅ ይወቁታል፤ ሰሙ እንደ ዱቄት ይራገፋል። ዛፉ አይሞትም፣ ቅጠል መልሶ ያወጣል። የዕፅዋት ሊቃውንት ወገኑን በኮፐርኒከስ ስም ኮፐርኒሺያ ብለውታል፤ ፀሐይን ከሁሉ መካከል ባስቀመጠው ሰው ስም፣ ከፀሐይ ራሱን የሚሸሽግ ዛፍ። ሰሙ የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ላይ ነው። ከንብ ሰም በ20 ዲግሪ ይበልጣል ማለት ነው፤ ረከቦት ላይ ደግሞ ይህች 20 ዲግሪ ብዙ ነገር ትወስናለች። ከእሳት የወረደ ጀበናን ካርናውባም አይችለውም። ስኒን ግን ይችላል፤ የመጋቢትን ቀትርማ ከቁም ነገርም አይቆጥረው።

ካርናውባን በዓለም ጓዳ ሁሉ ካስገቡት አንዱ አሜሪካዊ የፓርኬ ነጋዴ ነው። ሳሙኤል ከርቲስ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1886 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ራሲን ከተማ የፓርኬ ወለል ንግድ ገዛ። ወለሉን ያስነጠፉ ደንበኞች "አሁን በምን እንያዘው?" እያሉ ስላስጨነቁት ሰም ቀምሞ አብሮ ይሰጥ ጀመር። ኋላ ፓርኬው ቀርቶ ሰሙ ኩባንያ ሆነ። የልጅ ልጁ ኸርበርት ጆንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 ውሃም የብስም ላይ በሚያርፍ ሲኮርስኪ አውሮፕላን እስከ ሴአራ በርሮ ዘንባባውን በዓይኑ ሊያይ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1998 የእሱ ልጅ የዚያኑ አውሮፕላን አምሳያ አሠርቶ ጉዞውን ደገመው። ለወለል ሰም ሲባል ሁለት ጊዜ አህጉር የተቋረጠበት ቤተሰብ ነው።

የጣውላ ወለል ባላቸው የአዲስ አበባ ቤቶች ያደገ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ለበዓል ዋዜማ ወለሉ ሰም ተቀብቶ በብሩሽ ሲፈተግ፣ ልጆች አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠው እየተጎተቱ "ሥራ ሲያግዙ"፣ የዚያ ቤት ሽታ ተርፐንታይንና ሰም ነበር። ፓዌ ግን የጣውላ ወለል አገር አይደለችም። ጠንካራው ሰም እሷ ዘንድ የደረሰው በሌላ በር ነው፤ በሊስትሮው ሳጥን።

ጥሩ የጫማ ቀለም ጫማ ላይ የሚያበራው ካርናውባን የመሰለ ጠንካራ ሰም በተርፐንታይን ወይም በመሰል ማሟሟያ ለስልሶ ስላለበት ነው። ኪዊ የሚባለውን ታዋቂውን ቀለም እ.ኤ.አ. በ1906 በሜልቦርን ያወጣው ዊልያም ራምሴ ስሙን ከኒውዚላንዳዊት ሚስቱ አገር ወፍ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2011 ስሙን የገዛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የጆንሰን ኩባንያ። ስለዚህ አንድ ሰው ፓዌ መንገድ ዳር እግሩን ሳጥን ላይ አስቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ፣ የፈለገው ጠንካራ ሰም ከሥሩ በብሩሽ እየተፈተገ ሊሆን ይችላል። ቡናማውን የጫማ ቀለም በጠቆረ እንጨት ላይ የሚሞክሩ አናጺዎች በዓለም ዙሪያ አሉ፤ ጭረት ይደብቃል፣ ቶሎ ያበራል። ከምግብ ጋር ለሚገናኝ ገበቴና ማንኪያ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ቀለሙም ማሟሟያውም ለአፍ አልተሠራም። በረከቦትም ላይ ቢሆን ነጠላ የለበሰች ባለቤት ክንዷን አስደግፋ ከተነሳች በኋላ የሚመጣውን ወቀሳ አናጺው ይቁጠረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታዘብ ይቻላል። በጀርመን የሚመረተውና በውድ የሚሸጠው ኦስሞ የተባለ የሰምና የዘይት ቅልቅል በውስጡ ካርናውባ፣ ከሜክሲኮ በረሃ ቁጥቋጦ የሚገኘው ካንደሊላ ሰም፣ የሱፍ አበባ ዘይትና የአኩሪ አተር ዘይት አለበት። የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ በአኩሪ አተር ሥራው የታወቀ ነው፤ በከተማዋ ስም የተጠሩ የአኩሪ አተር ዝርያዎችም አሉ። ይህ ማለት ግን ከዘይት መጭመቂያ የመጣውን እንጨት ላይ ማፍሰስ አይደለም። ለምግብ የተጣራ የአኩሪ አተር ዘይት ብቻውን ቶሎ አይደርቅም፤ ረከቦቱን ለሳምንታት የሚያጣብቅ ያደርገዋል። በመድረቅ ተልባ ይቀድማል። ዘይቱ እንደ ውሃ ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ይጠነክራል፤ ኑግ በዝግታ ይከተለዋል። ለሠዓሊም ለአናጺም የሚሆን ዘይት ወጥ ማጣፈጫው መደርደሪያ ላይ መገኘቱ የአገሩ ዕድል ነው።

ፓዌ ባለችበት በመተከል ቆላ የዕጣን ዛፍ ስላለ "ሰሙን በዕጣን አናጠነክረውም?" የሚል ሐሳብም ይመጣል። በአውሮፓ ሠዓሊዎች የንብ ሰምን ዳማር በሚባል የዛፍ ሙጫ ያጠነክራሉና ሐሳቡ መሠረት አለው። ችግሩ ዕጣን ውስጥ በተርፐንታይን የሚሟሟም፣ በውሃ ብቻ የሚሟሟም ነገር አብሮ መኖሩ ነው። ሁለተኛው ክፍል ሰሙ ውስጥ አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ሽታው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ለረከቦት ከሚገባው በላይ ነው።

እንግዲህ ምርጫው ወዲህ ነው። ካርናውባ ያገኘ ሰው ለአራት እጅ የንብ ሰም አንድ እጅ ቢያደርግ ይበቃዋል፤ ከዚያ ቢያበዛ ሰሙ እንደ ሸክላ ይደርቅና ጨርቁም ክንዱም አያሸንፉትም። ሁለቱን ሰም ውሃ በሚፈላበት ድስት ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጦ፣ ከእሳቱ አርቆ ተርፐንታይን መጨመር ነው። እሳት ላይ እንዳለ የጨመረ ሰው ስለ ረከቦት ማሰቡን ትቶ ስለ ቤቱ ማሰብ ይጀምራል። የንብ ሰሙን ሲገዛም አንድ ጊዜ ቆርሶ ይመልከት። ንጹሑ ሲሰበር ስብራቱ ሻካራና ፍርፍር ያለ ነው፤ ሞራ ወይም የሻማ ፓራፊን የገባበት ቅባትነቱና ልሙጥነቱ ያሳብቀዋል። እንጨቱ መጀመሪያ የተልባ ዘይት ይጠጣ፤ ዘይቱ በደንብ እስኪደርቅ ይታገሡት፤ ከዚያ ሰሙ በስሱ ይቀባ፣ ደረቅ ሲል ይወልወል። ብዙ ሰም ብዙ ወዝ አይሰጥም። የሚሰጠው አቧራ ነው።

ካርናውባ ያጣ ሰው የንብ ሰሙን በዚሁ ስልት ከወትሮው ይበልጥ አሳስቶ ይቀባና ወቅቱን ይምረጥ፤ ጥቅምትና ኅዳር ከመጋቢት ይሻላሉ። ማቶቱንም አይርሳ። በተልባ ዘይት የራሰው ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ አይጣል፤ ዘይቱ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣልና የታጨቀ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ገመድ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ።

የሚቀረው ምስጥ ነው። በዚህ ቆላ ምስጥ ለጀርመኑም ለብራዚሉም ሰም ደንታ የለውም፤ ሰም ውሃን ያዘገያል እንጂ እሱን አያባርርም። እንጨት ውሃ የሚጠጣው ደግሞ በተቆረጠበት ጫፍ ነው፤ የረከቦት አራቱም ጫፎች ወለሉ ላይ ናቸው። ሰው ሁሉ የላዩን ሲያብረቀርቅ እነሱ ይረሳሉ። ከድስቱ ሥር የቀረውን የጠቆረ ሰም ሞቅ እንዳለ እግሮቹ ታች መቀባት ነው፤ መልኩ አያምርም፣ ገልብጦ የሚያይ እንግዳም የለም።