ፈረሱ የእኔ አልነበረም

በፈረስ ዝላይ ውድድር ተመልካቹ የሚያየው ጋላቢውን ነው። ፈረሱ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። አብዛኛውን ጊዜ የባለሀብት ነው፤ እሱ ይገዛል፣ ያስቀልባል፣ ሲፈልግ ይሸጣል፣ ሲያሻው ለሌላ ጋላቢ ይሰጣል። እኛ በደመወዝ ወይም በሽልማት ድርሻ የምንጋልብ ሠራተኞች ነን። ሥራውን ከመጀመሬም በፊት ይህን ሰምቼ ነበር። የገባኝ ግን ወገቤ ከተሰበረ በኋላ ነው።

ጃንሜዳ አጠገብ ተወልጄ በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ጀርመን ገባሁ። ትምህርት ስጨርስ የሦስት ዓመቱን የፈረስ ሙያ ሥልጠና ጀመርኩ። ከኮርቻው ይልቅ አካፋው ይበዛል፤ በሌሊት ተነስቶ ጋጣ መጥረግ፣ ድርቆሽ ማደል፣ ሰኮና መፈተሽ። ውድድሩ በፊደል ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ የመጨረሻው ምድብ ኤስ ይባላል፤ እዚያ አግዳሚው ከ1.40 ሜትር ይጀምራል። ኤስ ላይ ደህና ውጤት ያመጣ ጋላቢ ዘንድ ባለቤቶች ፈረስ ይዘው ይመጣሉ። እኔም ዘንድ አንድ ዳማ ፈረስ መጣ።

የወደቅሁት በጥንድ መሰናክል ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስምንት ሜትር ያህል ነው፤ ፈረሱ የመጀመሪያውን ዘሎ ያርፋል፣ አንድ ጊዜ ይራመድና ሁለተኛውን ይዘላል። ዳማው ካረፈ በኋላ አመነታ። ሁለተኛው ከፊትም ከኋላም አግዳሚ ያለው ሰፊ መሰናክል ነበር፤ የፊት እግሮቹ መሃል ገቡ። የኋላው አግዳሚ የተቀመጠበት ማቀፊያ ክብደት ሲያርፍበት እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ለቀቀ። ባይለቅ ኖሮ ፈረሱ በላዬ ይገለበጥ ነበር። ከኮርቻው ጋር በገመድ የተያያዘው የአየር ሰደርያዬ ስወረወር ተነፋ፤ ደረቴን አተረፈልኝ። መሬት ያገኘኝ ግን በመቀመጫዬ ነበር፤ የመጀመሪያው የወገብ አከርካሪ አጥንቴ ተሰባበረ።

ብሎንና ዘንግ ገብቶልኝ ስነቃ እናቴ አልጋው ግርጌ ቆማለች። «እስቲ የእግርሽን ጣት አንቀሳቅሺልኝ፣ እናቴ» አለችኝ። ተንቀሳቀሰ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አለቀሰች።

ሕመሙን ይታገሡታል። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። ገና በወገብ መደገፊያ ታስሬ ሳለሁ ዳማው በሌላ ጋላቢ ሥር ሲዘል በስልኬ አየሁት። ጥሩ ዘለለ፤ የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው። ባለቤቱን ግን መውቀስ ይከብደኛል። ፈረስ በከፍተኛ ደረጃ የሚዘልባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው፤ የእኔን አጥንት ሲጠብቅ ማርጀት የለበትም።

ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ የእንግሊዛዊውን የኒክ ስኬልተንን ታሪክ ይነግረኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 አንገቱን ሰብሮ ጡረታ ወጣ፤ ኋላ ወደ ውድድር ተመለሰ፤ በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ በ58 ዓመቱ በግል ወርቅ አገኘ። እውነት ነው። ታሪኩን የሚያወሩልኝ ግን አንድ ነገር ይዘላሉ፤ ወርቁን ያገኘበት ፈረስ የቢግ ስታር ባለቤቶች ፈረሱ ራሱ ተጎድቶ ከሜዳ በራቀ ጊዜ እንኳ ለስኬልተን አቆዩት። ከድፍረቱ እኩል ያ ትዕግሥት ወርቁን አምጥቷል። እኔ ዘንድ እንዲህ ያለ ባለቤት አልነበረም፤ ለአብዛኞቻችን የለም።

ያተረፈኝ መድን ነው። ተቀጣሪ ስለነበርኩ በጀርመን ሕግ አሠሪው የሚከፍለው የሥራ አደጋ መድን ሕክምናዬን፣ ማገገሚያዬን፣ ኋላም የአሠልጣኝነት ትምህርቴን ሸፈነ። በራሱ ስም የሚሠራ ጋላቢ በፈቃዱ ካልገባ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሽፋን የለውም፤ ከእኔ ጋር በማገገሚያው የነበረ አንድ ጋላቢ መኪናውን ሸጦ ነበር የሚታከመው።

እንደገና ኮርቻ ላይ የወጣሁት በአንዲት አሮጊት የማሠልጠኛ ፈረስ ነው፤ በእርምጃ ብቻ፣ የጋጣው ባልደራስ ልጓሟን ይዞ። እጄ ተንቀጠቀጠ። አሁን ዝቅተኛ መሰናክል እዘላለሁ፤ ውድድር ግን አልገባም። ቀኔን የማሳልፈው አሸዋው ላይ ቆሜ ነው። ከመሬት ሲታይ ከኮርቻ ላይ የማይስተዋል ነገር ይታያል፦ ፈረሱ ከማመንታቱ በፊት ጆሮው ይዞራል፣ የጋላቢው ትከሻ ቀድሞ ይወድቃል። ተማሪዎቼን ብዙውን ሰዓት የማሠራቸው መሬት ላይ በተጋደሙ አግዳሚዎች ላይ ነው፤ ይሰለቻሉ፣ እኔም አልለቃቸውም። ርቀት መለካት የሚለመደው ከፍታ በሌለበት ነው።

በጀርመንም ሆነ በገልፍ አገሮች የፈረስ ጋጣ ውስጥ ለምትሠሩ ወይም ልትገቡ ለምታስቡ ልጆቻችን አንድ ልመና አለኝ። ውላችሁን በጽሑፍ ተቀበሉ። የአደጋ መድን እንደተገባላችሁ በቃል አትመኑ፤ ወረቀቱን ጠይቃችሁ ኮፒውን ለቤተሰብ ላኩ። ወረቀት የሚከለክል ጋጣ ከሆነ፣ ፈረሶቹ ምንም ያህል ቢያምሩ፣ እርካብ ውስጥ እግራችሁን አታግቡ።